እዚህ ጠብቀኝ

መካነ ሰላም ውስጥ እስከ ዛሬ የሚሳቅበት አንድ ሰላምታ አለ። የሳቁት ብዙ ናቸው፤ ነገሩ ከልብ የገባቸው ግን ጥቂት ናቸው።

ከጥምቀት ማግሥት ነው። የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሰዎች በአምስት መኪና አቧራ ለብሰው ከተማው ገቡ። የመቅደላን ዘመን ድራማ ሊሠሩ፣ የቦረናን ገደልና ደንቆሮ የሚባለውን ጫካ ሊቀርጹ ነው የመጡት። አምባው እያለ እዚህ ምን አመጣቸው ያለ ሰው ነበር፤ «እዚያ መሣሪያው አይወጣም» ተባለ። የፈረንጅ ምክንያት አያልቅም።

ከሦስተኛው መኪና አንድ ጠይም ወጣት ወረደ። ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገቱ ላይ ያረጀ ማተብ ያሰረ። ሊቀበሏቸው የቆሙትን ሽማግሎች ሲያይ ፈረንጆቹን ትቶ ቀጥ ብሎ መጣና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ።

«እንደምን አደርሽ?» አለ አቶ ዋለን።

አቶ ዋለ ጢማቸው ደረታቸው ላይ የተኛ፣ ድምፃቸው ሸለቆ የሚያሻግር ሰው ናቸው። ግራ ቀኝ ዞረው አዩ። አጠገባቸው ሴት የለችም።

«ማንን ነው?»

«አንቺን ነው እንጂ! ደህና ነሽ? ቤተሰብሽ ደህና ነው?»

ሰው በሳቅ ፈረሰ። ጎረምሶቹ እዚያው «እሜቴ» ብለው ስም አወጡለት። ልጁም የተሳቀበት ምን እንደሆነ ሳይገባው አብሯቸው ሳቀ።

ያልሳቀች አንዲት ልጅ ነበረች። ሙሉሐረግ ትባላለች፤ የቅኔ መምህሩ የመሪጌታ ጥላሁን ልጅ ናት። ደሴ አማርኛ ተምራ መጥታ እዚሁ ታስተምራለች፤ ቀራጮቹ የተዋንያኑን አማርኛ እንድታቃና ቀጥረዋታል። ቆንጆ ናት ብሎ መማል አይቻልም፤ አፍንጫዋ ትንሽ ይረዝማል፣ አገጯም እልኸኛ ነው። ዓይኗን ግን አንዴ ያየ የመጣበትን ይረሳል። ልጁም አየ፤ ረሳ።

«አንቺስ ደህና ነሽ?» አላት።

ያን ቀን ከአፉ የወጣ ትክክለኛ ሰላምታ ይኸው አንዱ ብቻ ነበር።

ሩፋኤል ይባላል። እንግሊዞቹ «ራፍ» ይሉታል፤ የሰው ስም መቁረጥ ይወዳሉ። ተወልዶ ያደገው ለንደን ነው። እናቱ ንግሥቴ የቦረና ሰው ነበረች፤ በልጅነቷ ወጥታ፣ እዚያ ሆስፒታል ስታጸዳ ኖራ፣ ከሁለት ዓመት በፊት አረፈች። አባቱ እንግሊዛዊ ነው፤ ልጁ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ሄደ፤ ስለ እሱ ሌላ የሚባል የለም። ሩፋኤል አማርኛ የሰማው ከአንድ አፍ ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ የነገራት ጉም እየጠበቁ ነው። የፊልም ሥራ ከሩቅ ሲያዩት ግርግር ይመስላል፤ ቀርቦ ላየው ግን ጉም እስኪገለጥ ድንጋይ ላይ መቀመጥ ነው። የደንቆሮ ጉም ደግሞ አይቸኩልም። ከገደሉ ሥር እንደ ወተት ይነሣና የአስታውን ቁጥቋጦ፣ የጅብራውን ግንድ፣ ሰዉን አንድ በአንድ ይውጣል። ጎን ለጎን ለተቀመጡ ሁለት ሰዎች በዓለም ላይ ሌላ ፍጥረት የቀረ አይመስላቸውም።

«ሥራህ ምንድን ነው? እውነቱን ንገረኝ» አለችው።

«ሌላ ሰው መሆን።»

«ይኼ ሥራ ነው?»

«እናቴም እንደዚያ ትል ነበር» ብሎ ሳቀ። «የመጀመሪያ ሥራዬ ሬሳ መሆን ነበር። ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የፖሊስ ድራማ ላይ ስድስት ሰዓት ሙሉ ቀዝቃዛ ወለል ላይ ተጋደምኩ። እናቴ ቴሌቪዥኑን አይታ አለቀሰች።»

«ልጇ ሞቶባት ምን ታድርግ!»

«አጠገቧ ተቀምጬ እኮ ነው!»

ከሬሳነት ተነሥቶ ሌባ ሆነ፤ ከሌባነት የታክሲ ሾፌር። ከዚያ አንድ የሆስፒታል ድራማ ላይ ወጣት ሐኪም ሆኖ ሦስት ዓመት ሠራ። እንግሊዝ አገር መንገድ ላይ የሚያገኘው ሰው ሆዴን ቁርጠት ያዘኝ እስኪለው ድረስ ታወቀ። በድራማው ሁለቴ አገባ፣ አንዴ ተፋታ፣ በመጨረሻ መኪና ገጭቶት ሞተ። አሁን በዚህኛው የእንግሊዝ ጦር አስተርጓሚ ነው፤ ሁለቱም ወገን የማያምነው ሰው።

«ይኼኛውን ለምን ፈለግኸው?»

ጉሙ ነጠላዋን ዳሰሰ፣ ፀጉሯ ላይ ጠብታ ጣለ።

«በአማርኛ የምናገርበት ስለሆነ ነው። እናቴ ከሞተች ወዲህ በአማርኛ የሚጠራኝ ሰው የለኝም።»

እንዲህ ያለ ቃል ሴት ልጅ ፊት ተጥሎ አይታለፍም። ሙሉሐረግ ፊቷን አዙራ ጉሙን አየች፤ ጉሙ ውስጥ ግን የሚታይ ነገር አልነበረም።

ወንዱን ሁሉ «አንቺ» ማለቱን ልታስተወው ደከመች። ሾፌሩን «ነይ» ይለዋል፤ ጥበቃውን «ተቀመጪ» ይለዋል። ከእሷ ጋር ሲያወራ ብቻ ነው የማይሳሳተው። ለእሷ ሲናገር ምላሱ ቤቱ እንደገባ ሰው ዘና ይላል። እሷም ይህን እያወቀች፣ ትምህርቱን ቶሎ እንዳይጨርስ መጸለይ ጀመረች። ደመወዝ ተቀብላ እንዲህ መጸለይ ነውር ነው፤ ግን ጸለየች።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባቷ ዘንድ ወሰደችው።

«እንደምን አደርሽ፣ አባቴ?» አለ ጉልበት ለመሳም እየጎነበሰ።

መሪጌታ ጥላሁን በቅኔ አንዲት ቃል የሳተ ተማሪ ሲያገኙ ቀኑን ሙሉ የማይምሩ ሰው ናቸው። በመቋሚያቸው መሬቱን መቱት።

«ሴት አደረገኝ እኮ! ይህን ልጅ አማርኛ ያስተማረው ማነው?»

«እናቴ ነች።»

«እሷ አንተን እንዴት እያለች ነበር የምትጠራህ?»

ልጁ አሰበ። «ነይ፤ ብዪ፤ ተኚ፤ የኔ እመቤት። እንደዚህ።»

«ስትቆጣህስ?»

«ስትቆጣ፣ ‹ና!› ትለኝ ነበር። ‹ና› ስትለኝ አልጋ ሥር እገባለሁ። እስከ ዛሬ ስድብ ይመስለኛል።»

የመሪጌታ እጅ መቋሚያው ላይ ቀረ። ቀጥለው ሲናገሩ ድምፃቸው ሌላ ሆኖ ነበር።

«ልጄ፣ ‹ና› ስድብ አይደለም። ወንድ ልጅ የሚጠራው በሱ ነው። እኛ ዘንድ ግን ወንዱን ሲያቆላምጡት እንደ ሴት ይጠሩታል፤ ሴቷን ሲያቆላምጧት እንደ ወንድ። እናትህ የሰጠችህ አማርኛ ሁሉ ማቆላመጫ ነው። ሌላውን አላሰማችህም።»

ሩፋኤል ለብዙ ጊዜ ቀና አላለም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ቋንቋ መስሎት ይዞት የኖረው ነገር ፍቅር ኖሯል።

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠራረጉና ወደ ጓዳ ተጣሩ። «አንተ ሙሌ! ለእንግዳው ጠላ አምጣለት እንጂ፤ ምን ትገተራለህ?»

ልጁ ያን ጊዜ ቀና አለ። በዓለም ላይ ሙሉሐረግን «አንተ» የሚሏት አባቷ ብቻ ናቸው። እሱም ሰማ፤ በልቡም ያዘው።

ሊወጣ ሲነሣ መሪጌታ፣ «የእናትህ አባት ማን ይባሉ ነበር?» አሉት።

«ወልደሩፋኤል። የሳቸው እናት ደብረወርቅ። እናቴ ስማቸውን እንደ ጸሎት ታስጠናኝ ነበር።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ሸኝታው ስትመለስ ግን ልጃቸውን እንዲህ አሏት፦

«ልጁ ጨዋ ነው። ሥራው ግን ማስመሰል ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ፊት ለብሶ የዋለ፣ ቤቱ ሲገባ የራሱን ከየት ያገኘዋል?»

ጥያቄው እሷ ዘንድ ቀረ።

ድራማው ውስጥ አንድ ቦታ አለ፤ አስተርጓሚው ከምንጭ ዳር የሚወዳትን ልጅ ሲሰናበት። ቃሉን በአማርኛ የጻፈችው ሙሉሐረግ ናት፦ «አንቺ፣ እዚህ ጠብቂኝ፤ እመለሳለሁ።» ልጅቱን ሆና የምትጫወተው ከአዲስ አበባ የመጣች ተዋናይት ነበረች፤ ልምምዱን ግን እሱ ከመምህርቱ ከሙሉሐረግ ጋር አደረገ። አርባ ጊዜ አስደገመችው። አርባ ጊዜ «ጠብቂኝ» ሲላት፣ ልቧ አርባ ጊዜ እሺ አለ።

በሚቀረጽበት ቀን ነፋስ ተነሣ። ድምፅ የሚቀዳው ፈረንጅ ጆሮው ላይ የደፋውን እያወለቀ ተማረረ።

«ምን ሆነ?» አለች ሙሉሐረግ ሩፋኤልን።

«ነፋሱ ቃሌን በላው። ግድ የለም፤ ለንደን ስገባ ጨለማ ክፍል ውስጥ ቆሜ እንደገና እለዋለሁ። እዚያ ላይ ይለጥፉታል። ከንፈሬ የዚህ አገር፣ ድምፄ የዚያ አገር ይሆናል።»

«ይህም ማስመሰል ነው» አለች። ለቀልድ ነበር፤ አፏ ውስጥ ግን መረራት።

ዝናሽ የምትባል ጓደኛ አለቻት፤ መናኸሪያው አጠገብ ቁርስ ቤት ያላት፣ ምላሷ ከቢላዋዋ የሰላ። በዚያው ሰሞን ዝናሽ ከስልኳ ላይ የሆስፒታሉን ድራማ ቁራጭ አገኘችና አሳየቻት። ወጣቱ ሐኪም አንዲት ነርስ ፊት ቆሟል። መሬት ያያል። ዝም ይላል። ግራ ጆሮውን ይነካል። ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ ከዚያ ይናገራል።

«ወይኔ ጉዴ!» አለች ዝናሽ። «ለኔ እንዲህ ቢያለቅስልኝ ቁርስ ቤቱን ከነወንበሩ በስሙ አዞርለት ነበር። አንቺ ግን ምን ነካሽ? ፊትሽ አመድ መሰለ።»

ቀራጮቹ ሊሄዱ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ ሩፋኤልና ሙሉሐረግ ገደሉ አፋፍ ላይ ብቻቸውን ቆሙ። መሬት አየ። ዝም አለ። ግራ ጆሮውን ነካ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ተው!» አለችው።

«ገና ምንም አልተናገርኩም።»

«አውቀዋለሁ። በስልክ አይቼዋለሁ። ለነርሷ ያደረግህላትን ነው የምታደርግልኝ፤ ጆሮህ ሳይቀር።»

እጁን ከጆሮው አወረደ፤ እጁ ግን ተመልሶ ሄደ።

«ጆሮው የኔ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ከልጅነቴ ጀምሮ ሲጨንቀኝ እይዘዋለሁ። ለሐኪሙ ያዋስኩት እኔ ነኝ፤ እሱ አይደለም ለኔ ያዋሰኝ።»

«ይህን በምን ልወቅ?»

«እንዴት ብዬ ልንገርሽ ታዲያ?»

«ዓለም ሁሉ የሰማውን አልፈልግም። ለእኔ ብቻ የሚሆን ቃል ካለህ እሱን ንገረኝ። ከሌለህ በደህና ግባ።»

አፉን ከፈተ። ያን ጊዜ ጉሙ ከሥር ተነሥቶ በመሃላቸው ገባ። ሲገለጥ እሱ እዚያው ቆሞ ነበር፤ እሷ የከተማውን መንገድ ጀምራለች። በማግሥቱ አምስቱ መኪኖች በአቀስታ በኩል ሄዱ።

ከለንደን በየሳምንቱ ደወለ። አላነሣችም። ኩራት ነው የሚል አለ፤ ጅልነት ነው። ክረምቱ ሲገባ፣ አንድ ሌሊት ሙሉ አልቅሳ፣ ነገ ሲደውል አነሣለሁ ብላ ወሰነች። በዚያው ሳምንት አገሩ ታወከ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ ኔትወርክ ጠፋ። ስልኩ የግድግዳ ሰዓት ሆኖ ቀረ።

ወራት አለፉ። ጠዋት ጠዋት ከተማሪ ቤት በፊት ትነሣና ጉሙን ታያለች። ጉሙ ውስጥ አንድ ረጅም ሰው የሚመጣ ይመስላታል፤ ሲቀርብ ዛፍ ይሆናል፣ ወይም የሰው በቅሎ።

በዐቢይ ጾም ለዓባይነህ ሽማግሌ ተላከ። ዓባይነህ ግብርና ጽሕፈት ቤት የሚሠራ፣ ሰው የማይጎዳ፣ የሚስቀውም የሚያዝነውም በልኩ የሆነ ልጅ ነው። እንከን የለበትም፤ ችግሩም ይኸው ነው፤ እምቢ ለማለት ምክንያት አይሰጥም። ከሽማግሎቹ አንዱ አቶ ዋለ ነበሩ። መሪጌታ፣ «ለዳግማይ ትንሣኤ ኑ፤ ልጄን ጠይቄ ቃሏን እነግራችኋለሁ» ብለው መለሷቸው።

ከዳግማይ ትንሣኤ በፊት ባለው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሳዲቅ እየሮጠ የዝናሽ ቁርስ ቤት ገባ። ሳዲቅ ሳዑዲ ሰባት ዓመት ኖሮ የተመለሰ ዲሽ ተካይ ነው።

«ድራማችን! አንዱ የዓረብ ጣቢያ ላይ እየመጣ ነው፤ ከሥሩ በዓረብኛ ተጽፎለት!»

ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሳህኑን አዞረው። ሰው ቤቱን ሞላው፤ የቀረው በመስኮት ተንጠለጠለ። ሙሉሐረግን ዝናሽ ጎትታ ከፊት አስቀመጠቻት። «አብሽሪ፤ ማየት አይገድልም» አለቻት።

ገደሉ መጣ፣ ጉሙ መጣ፣ የሰፈሩ ሰው ጋሻ ይዞ አለፈ።

«ፈረሴ!» ጮኹ አቶ ዋለ። «ያውና ፈረሴ! እኔስ የት ሄድኩ? እኔ ላዩ ላይ ነበርኩ እኮ! ቆረጡኝ!»

በዚህ ሳቅ መሃል መሪጌታ ጥላሁን ከበር ላይ ቆሙ። ቴሌቪዥን ወዳለበት ገብተው አያውቁም፤ ልጃቸውን ፍለጋ ነው የመጡት። ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ጠበቁ።

ምንጩ መጣ። አስተርጓሚው ልጅቱ ፊት ቆመ። መሬት አየ፤ ግራ ጆሮውን ነካ። ሙሉሐረግ ከንፈሩን ብቻ ታያለች፤ አርባ ጊዜ ያየችው ከንፈር ነው፤ የሚለውን ከራሱ በላይ ታውቀዋለች። ከንፈሩ «አንቺ» አለ። ድምፁ ግን፦

«አንተ፣ እዚህ ጠብቀኝ፤ እመለሳለሁ።»

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ።

«እሜቴ ዛሬም አልተማረ! ሴቷን አንተ ይላታል!»

«ወላሂ እሱ ነው የሳተው» አለ ሳዲቅ ጽሑፉን እየጠቆመ። «ዓረቡ እንኳ በትክክል ‹አንቲ› ብሎ ጽፏል፤ አንቺ ማለት ነው!»

«አርባ ጊዜ አስጠንታው!» አለች ዝናሽ። «ሙሌ፣ ደመወዝሽን መልሺ!» ዞር ስትል ግን ሳቋ አፏ ላይ ደረቀ። ሙሉሐረግ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭና፣ እንባዋ በጣቶቿ መሃል ይወርዳል።

ከበሩ በኩል መቋሚያ መሬት ሲመታ ተሰማ።

«አልሳተም» አሉ መሪጌታ። ሌላ ሳይጨምሩ መንገድ ጀመሩ። ልጃቸው ተከተለቻቸው።

ብዙ መንገድ ሄዱ። የባሕር ዛፉ ቅጠል ላይ ጉም ተቀምጧል፤ መንገዱ መጨረሻ የሌለው ይመስላል።

«እንግሊዙ ሰማው፣ ዓረቡ ሰማው» አሉ መሪጌታ በመጨረሻ። «ሁሉም የሰማው ሰሙን ነው። ወርቁ የማን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ።»

«አባባ፣» አለች፣ «አስመሳይ ነው ብለውኝ አልነበረም?»

«እንዲያ ያለ ቅኔ የሚያስመስል ሰው አላየሁም። ተማሪዎቼ ሰባት ዓመት ተምረው እንኳ አይዘርፉትም።» ጥቂት ሄደው ቆሙ። «የወልደሩፋኤልን ዘር እስከ ሰባት ቤት ቆጠርኩ። በደብረወርቅ በኩልም ቆጠርኩ። አትገናኙም።»

«መቼ ነው የቆጠሩት?»

«ያን እሑድ። ጠላውን ጠጥቶ እንደ ወጣ።»

በማግሥቱ ሽማግሎቹ መጥተው እምቢታዋን ይዘው ተመለሱ። ዓባይነህ ሲነገረው፣ «ዓይኗ መንገድ ላይ እንደሆነ አውቅ ነበር» አለ፤ ከዚያ በላይ አላስቸገረም። ከተማው ግን አልማራትም። የቴሌቪዥን ባል ትጠብቃለች አሉ፤ ሲሳሳት ሰምታ አበደች አሉ። እሷ ጠበቀች። መንገዱ ሲከፈት ግንቦት አልፎ፣ ክረምቱ አልፎ፣ መስቀልም አልፎ ነበር።

ጥቅምት ነው፤ ቅዳሜ፣ የገበያ ቀን። ከአቀስታ የመጣው ሚኒባስ መናኸሪያው ላይ ቆመና አንድ ረጅም ሰው አጎንብሶ ወረደ። ከስቷል። ጫማውን ጭቃ በልቶታል። አቶ ዋለ ፈረሳቸውን ይዘው ከፊቱ ነበሩ።

«እንደምን ሰነበቱ፣ አቶ ዋለ? ቤተሰብዎ እንደምን አሉ? ፈረስዎስ?»

አንድም ስሕተት የለበትም። ሊስቅ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ ቀረ።

«አበላሽተውት!» አሉ አቶ ዋለ፣ ከልባቸው አዝነው።

ዝናሽ ከቁርስ ቤቷ በር ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ተጣራች፤ ሁለተኛ አላስፈለገም። ሙሉሐረግ ከገበያተኛው መሃል ወጣች። ሦስት እርምጃ ሲቀራት ቆመች። እሱም ቆመ። መሬት አየ። ዝም አለ። እጁ ወደ ግራ ጆሮው ሄደና መንገድ ላይ ቆመ፤ አፈረበት።

«ያዘው» አለች። «ያንተ ነው።»

ያዘው። የጤፍ ሻጩም፣ የጨው ሻጩም ሚዛኑን ትቶ አያቸው። ስንት ወር ያጠናው ትክክለኛ አማርኛ ሁሉ ከአፉ ጠፋ። አንዲት ቃል አልወጣልህ አለችው።

ሙሉሐረግ ቀርባ ከትከሻው ላይ አቧራውን አራገፈች። ከዚያም በሰው ሁሉ ፊት፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ፣

«ደከመሽ?» አለችው።

የሳቀ ሰው አልነበረም። ዓይኑን ጨፈነ። እንዲህ ብሎ የሚጠይቀው ሰው ካጣ ከሦስት ዓመት በላይ ሆኖታል።

«ደከመኝ» አለ።

«ነይ» አለችው። «ነይ፣ ቤት እንግባ።»